አገኘሽ ዝሆኖቹን ስትጠራ

ጣሊያን መተማ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ አዛናው ለአርበኞች ጥይት ከድንበር ማዶ ሲያሻግር ተያዘ። ወሬውን ያደረሰው ባለሱቁ ሽኩር ነው። አህያውን እየጎሰመ መጥቶ ገና ሳይወርድ፣

«እማማ አየሁሽ፣ ልጅዎ በሕይወት አለ» አለ። «ነገ ግን በገበያተኛው ፊት ሊሰቅሉት ነው።»

እናትየው ነጠላዋን አገልድማ ተነሳች። እህቱ አገኘሽ ግን ቀድማት ሮጣ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው።

የእነአገኘሽን ቤት ቆላው ሁሉ ያውቀዋል። ቀደምቶቻቸው ከደጋ ወርደው በውኃ ጥም ሊያልቁ ሲሉ ዝሆኖች የጓንግን ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውኃ አሳዩአቸው። ያን ጊዜ ቃል ተገባ። ሰዎቹ የዝሆን ጥርስ ላይነኩ፣ አዳኝም ላይመሩ፤ ዝሆኖቹም የዚያን ቤት ልጅ በክፉ ቀን ላይጥሉ። ከትውልዱ አንድ ሰው ደረቱን አሸዋው ላይ አስጠግቶ ሲያንጎራጉር ይመጣሉ። የመጨረሻው ጠሪ የአገኘሽ አባት ጀይሉ ነበር። አምና ክረምት ሲሞት ግንባሯን ዳብሶ «ከእንግዲህ አንቺ ነሽ» አላት። እሷ ግን አንድም ቀን ጠርታ አታውቅም። ባይመልሱልኝስ እያለች ትፈራ ነበር።

ጦር ሰፈሩ ስትደርስ ጣሊያናዊው መኮንን ስለ ቤታቸው አስቀድሞ ሰምቷል። ሸጋው የሚባለው ቱርጁማን የመኮንኑን ቃል ወደ አማርኛ መለሰላት።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ዝሆኖቹን ጓንግ ዳር ትጠሪለታለሽ። እሱ ጥርሱን ይወስዳል፣ አንቺ ወንድምሽን ትወስጃለሽ።»

አዛናው ከግንድ አጥሩ ውስጥ ሰምቶ ጮኸ። «አገኘሽ! እንዳታደርጊው! አባታችን ምን ብሎን ነው የሞተው?»

አገኘሽ በግንዶቹ መሀል አየችው። ከንፈሩ አብጧል፣ እጁ የፊጥኝ ታስሯል። 

«እሺ» አለች ለሸጋው። «እጠራለሁ።»

አዛናው ፊቱን አዞረባት።

ሲነጋጋ ወታደሮቹ ካሚዮናቸውን ዛፍ ስር አቁመው ቁጥቋጦ ውስጥ አደፈጡ። አገኘሽ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወርዳ በደረቷ ተኛች። አሸዋው ቀዝቃዛ ነበር። አባቷ እንደሚያደርገው ከሆዷ አንጎራጎረች። ምንም የለም። ደግማ አንጎራጎረች። አሁንም ዝም። በሦስተኛው መሬቱ ከጎድን አጥንቷ ስር ድምም አለ! መለሱልኝ!  ወዲያው ከማዶ ያለው ሸምበቆ ተሰነጠቀና መንጋው ብቅ አለ። ከፊት ቀኝ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ቤት የምታክል አሮጊት ዝሆን ትመራዋለች። ጀይሉ እሜቴ ይላት የነበረችው እሷ ናት።

ድምጿ በጆሮ አይሰማም፤ ደረት ውስጥ ነው የሚያስተጋባ።

«የጀይሉ ልጅ፣ ለምን ጠራሽን?»

አገኘሽ ሌሊቱን ሁሉ ስታሰናዳው ያደረችው ውሸት ነበራት። ውኃ ቸግሮን ነው ልትል ነበር። እነዚያን ትንንሽ፣ የደከሙ ዓይኖች ስታይ ግን ምላሷ እምቢ አላት።

«እሜቴ፣ ላስገድልዎት ነው የጠራሁዎት!» አለች እያለቀሰች። «ቁጥቋጦው ውስጥ ጠመንጃ አለ። ወንድሜን ሊሰቅሉብኝ ነው፤ እሱን ላድን ብዬ ነው። አልቻልኩም። ይሽሹ! ልጆችዎን ይዘው ይሽሹ!»

ብድግ ብላ እጆቿን ዘርግታ በጠመንጃዎቹና በመንጋው መሀል ቆመች።

እሜቴ አልሸሸችም። «አንቺ ቃልሽን ጠብቀሻል» አለች። «የእኛም ቃል አለ።» ኩምቢዋን በአገኘሽ ወገብ ጠምጥማ አንስታ ማጅራቷ ላይ አስቀመጠቻት።

ተኩሱ ያን ጊዜ ተጀመረ። እሜቴ አንዴ ስትጮህ ወንዙ ተንቀጠቀጠ፤ መንጋው ቁጥቋጦውን ደረመሰው። ካሚዮኑ እንደ ቅል ተገለበጠ። መኮንኑ ባርኔጣውን ጥሎ ፈረጠጠ፣ ሸጋው ዛፍ ላይ ወጣ። አገኘሽ ጆሮዎቹን ጨብጣ «ወደ መተማ! እሜቴ፣ ወደ መተማ!» ትላለች። ነፋሱ ሹሩባዋን በተነው። ፍርሃቷ የት እንደገባ አታውቅም፤ እየሳቀች ነበር።

መተማ ሲደርሱ ስቅላቱን ሊያይ በግድ የተሰበሰበው ገበያተኛ መንገዱን ለቀቀ። መጀመሪያ ጩኸት ሆነ፤ እሜቴ ላይ ማን እንደተቀመጠች ሲያዩ ግን እልልታው ቀለጠ። ለጥበቃ የቀሩት ዘቦች ዝሆን ላይ የሚተኩስ ወኔ አልነበራቸውም፤ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እሜቴ ግንባሯን አጥሩ ላይ አሳርፋ ገፋች። ግንዶቹ ጧ፣ ጧ እያሉ ተነቀሉ። እስረኞቹ እንደ ንብ ጎርፈው ወጡ። አዛናው አፉን ከፍቶ ሲያይ ኩምቢዋ አንስቶ ከእህቱ ፊት አስቀመጠው። አገኘሽ ገመዱን በጥርሷ ፈታችለት።

«ከዳሽን ብዬ ነበር!» አላት በጆሮዋ።

«እኔም ከዳሁ ብዬ ነበር» አለችው።

ከከተማው ርቀው ጫካ ሲገቡ እሜቴ ማነከስ ጀመረች። ትከሻዋ ላይ ሁለት ጥይት ገብቷል። አዛናው ወርዶ ወደ አርማጭሆ የሚወስደውን መንገድ ለእህቱ አሳያት።

«አርበኞቹ እዚያ ናቸው። ነይ እንሂድ፤ እናታችንን ሽኩር ያመጣልናል።»

አገኘሽ ደም የነካ እጇን አየች። ወንድሟን ትወደዋለች፤ ከእሱ ተለይታም አታውቅም።

«አንተ ሂድ» አለችው። «ጥይት የሚያወጣው የሰው ጣት ነው። እኔ ነኝ ጠሪያቸው፤ ቆስላ ትቻት አልሄድም።»

 አዛናው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው።

አገኘሽ ጥይቶቹን በዚያው ቀን አወጣች። መንጋውን ተከትላ ቋራ ጫካ ገባች፤ ጣሊያን አገሩን ለቆ እስኪወጣ ከዚያ አልወጣችም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጣው መስከረም መተማ ስትመለስ ቁመቷ ጨምሮ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ አረማመዷ ረግቶ ነበር። እናቷ አየሁሽ በር ላይ ቆማ «ቤቶች ነው የሚሉት? ይግቡ» አለቻት፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ዓይኗን አየችና ጮኻ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።