የቀኙ ይጠብቃል

ተማሪዎቿ «ጠብቆ-ላልቶ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ «ይሄ ቃል ጠብቆ ሲነበብ እንዲህ፣ ላልቶ ሲነበብ እንዲያ» እያለች ሰሌዳ ስትደበድብ የኖረች የቋንቋ መምህርት ናት። ታዲያ ይህችን ሴት በረንዳዋ ላይ ተንበርክካ፣ ቀሚሷን በግራሶ አጨማልቃ፣ የተራራ ብስክሌት ጎማ ስትሠራ ያየ ጎረቤት «አበደች እንዴ?» ቢል ይፈረድበታል?

አላበደችም። ታናሽ ወንድሟ ተራራ ቁልቁል ሲጋልብ ከነብስክሌቱ ተንከባሎ የኋላ ጎማው ተጣመመ፣ ቀኝ እጁም ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። እጁስ ይድናል፤ የባሰው ልቡ ነው። ብስክሌት ሲሉት ከእንቅልፉ የሚነሳው ሰው «በቃኝ፣ ይሸጥ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ገዢም ተገኘለት፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ሊወስድ ቀጠሩ። እሷ ግን ያለ ብስክሌት ወንድሟን አታውቀውም። እንዲያ ተኮራምቶ ማየት አንጀቷን በላው።

«ጎማውን እኔ ከሠራሁት አትሸጠውም» አለችው።

«አንቺ? እትዬ፣ አንቺ እኮ አምፖል ለመቀየር ሰው የምትጠሪ ነሽ!»

«ታዲያ ምን አስፈራህ? ካቃተኝ ሰውዬው ይውሰደው።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ፤ እንደሚያቅታት ቅንጣት አልተጠራጠረም።

አዲስ ቸርኬና አንድ እቅፍ ራጂ ገዝታ መጣች። እነዚያን ቀጫጭን ሽቦዎች ከጎማው እምብርት እያወጣች ቸርኬው ላይ ስትሰካ፣ አንዱን በሌላው ላይ ስታሻግር አመሸች። ወንድሟ እንደሆነ ሥራ ሲበላሽ ማየት አይችልም፤ እንዳኮረፈ ከአልጋው ሆኖ «በታች በኩል! ኧረ በታች!» እያለ ጮኸባት። እሷም ሰደበችው፤ ግን ሁሉም ራጂ ቦታ ቦታውን ያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሐኪም ዘንድ ሄደ። የቀረው ከጎማው ግራና ቀኝ ያሉትን ራጂዎች መወጠር ነው። «ሁሉም ገብቷል፤ አሁንስ?» ብላ በስልክ ጻፈችለት። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው ቃል አያበዛም። «የቀኙ ይጠብቃል» ብሎ መለሰ።

እሰይ! የቀኙ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል ማለት ነው። የቀኙን ትታ የግራውን ብቻ መዳፏ እስኪላጥ አጠበቀችው። ብስክሌቱን ገልብጣ፣ ጎማውን ገጥማ ብታሽከረክረው፣ ወዮላት! ጎማው ወደ ግራ ተስቦ ብረቱን ይፍቃል። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰውዬው ሊመጣ ነው፤ ብስክሌቱም ሊሄድ።

ወንድሟ ቀድሞ ደረሰ። «ምን ጉድ ነው ይሄ? የቀኙ ለምን ላላ?»

«የቀኙ ይጠብቃል አላልክም? እየጠበቀልህ ነዋ!»

«ምኑን ነው የሚጠብቀው?»

«ተራውን!»

አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «እኔ ከግራው ይልቅ ጥብቅ ይሁን አልኩሽ እንጂ ቆሞ ይጠብቅ አልኩሽ? ላልቶ ነው እኮ የሚነበበው! ጠብቆ-ላልቶ ራሷ፣ አጥብቃ አንብባ ጎማውን አላላችው!» ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ጄሶውን አቅፎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

ከዚያ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በይ ነይ፣ የግራውን አላሊ። አሁን የቀኙን አጥብቂ። ቀስ! ሩብ ዙር ብቻ።» በግራ እጁ ራጂዎቹን እየነካካ፣ «ይሄ ቀረው፣ ያ በቃው» እያለ አብረው ወጠሩት። እንደገና አሽከረከረችው። ሽር አላለም።

በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ራሱ ተነስቶ ከፈተ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለው ገዢውን፤ «አይሸጥም።»

«ምነው፣ ተስማምተን አልነበር?»

«ነበር። ግን ጄሶዬ እስኪፈታ ይጠብቃል።»

መምህርት መቼም አመሏን አትተውም። «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ብላ ከኋላ ጮኸች።

ወንድሟ ዞር ብሎ ጎማውን አየ። ገና ይሽከረከራል።

«ሁለቱም፣ እትዬ» አለ።

ሰውዬው ምንም ሳይገባው ሄደ። እሷም ግራሶ በነካው እጇ ዓይኗን ጠረገች።