አበጋዙ ያመሸበት ሰፈር

«ካሳሁን መጡ፤ ሰዎቻቸውንም አስከትለዋል» አለ ሙላቴ ጎንበስ ብሎ ወደ ዳሱ እየገባ።

ጌጤ ከነጠላዋ ሥር ቀና አለች። የባሏ የወልደሚካኤል ሰልስት ነበር። ሲያንሾካሹክ የነበረው የላይ ሰፈር ሰው ጸጥ አለ። ካሳሁን የታች ሰፈር የገና ጨዋታ አበጋዝ ናቸው፤ ወልደሚካኤል ደግሞ የላይ ሰፈር ነበር። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲፎካከሩ ኖረዋል።

ካሳሁን ደረታቸውን እየመቱ አልቅሰው ገቡና ከደጃፉ አጠገብ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ወሬው ወደ ገና ዞረ።

ወልደሚካኤል በጎልማሳነቱ ከፈረስ ወድቆ አንድ እግሩ ስላነከሰ መሮጥ አይችልም ነበር። የሰፈሩን ልጆች የሚያጫውተው ከሜዳው ዳር ተዳፋቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሱ በፊት «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ፣ ዱላው ከእንጨቷ ኳስ ከሩሯ ይልቅ የሰው ቅልጥም ላይ ያርፍ ነበር። እሱ ግን «ጉልበት የበሬ ነው፤ ሩሯን ለጓደኛህ ስጣት» እያለ መቀባበልን አስተማራቸው። ከዚያ ወዲህ ላይ ሰፈርን የረታ አልነበረም፤ እስከ አምና ድረስ።

«አምና ጉድ ሆንን» አለ ሙላቴ። ጋፋት ብረት ማቅለጫው ዘንድ ወናፍ ሲነፋ የሚውል ጎረምሳ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ከወልደሚካኤል ተጫዋቾች የሚቀድመው የለም። «ታች ሰፈሮች ልክ እንደኛ ሲቀባበሉ ዋሉ። ከየት እንደተማሩት እስከዛሬ አልገባኝም።»

ጌጤ የተረቱበትን ማታ አልረሳችውም። ወልደሚካኤል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ ጀርባውን እያሻሸች ስታጽናናው አመሸች። ያልረሳችው ሌላም ነገር ነበር። በዚያ መኸር ጀንበር ስታዘቀዝቅ «ዘመድ ልጠይቅ» እያለ፣ እያነከሰ ወደ ታች ሰፈር ይወርድ ነበር። ሴቶቹ ስሙን እዚያ ካለች አንዲት ጠላ ሻጭ ጋር ያነሡ ነበር። ጌጤ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። በቀብሩ ቀን እንኳ ያለቀሰችው ይህንኑ በሆዷ ይዛ ነው።

ካሳሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተማርነውስ ከራሱ ነው» አሉ።

«ከማን?»

«ከወልደሚካኤል። መኸሩን ሙሉ ማታ ማታ እኔ ግቢ እየመጣ ያሠለጥነን ነበር። ‹ሁልጊዜ እኛ ከረታን ልጆቼ ይሰንፋሉ፤ ጨዋታውም ይሞታል› አለኝ። እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ ግን እሱ ከሄደ በኋላ ምስጢሩን ብቻዬን መሸከም ከበደኝ።»

ሙላቴ ፊቱ ጠቁሮ ተነሣ። «ታዲያ ሸጦናል ማለት ነዋ» አለና ወደ ደጁ አመራ። ሌሎቹም ተጫዋቾች ሊከተሉት ተነሡ።

«አያ ካሳሁን» አለች ጌጤ። «ማታ ማታ የሚመጣው አንቱ ዘንድ ነበር?»

«እኔ ዘንድ ነዋ እቴ። ሌላ የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ጌጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መጀመሪያ ያሳላት መሰለ፤ ኋላ ግን ሳቋ አመለጣት። «የተረታችሁ ዕለት እኮ የሚያለቅስ መስሎኝ ጀርባውን ሳሽ ነው ያመሸሁት» አለች። «ለካስ ሰውዬው እየሳቀ ነው።»

ሙላቴ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሳቁን ሊውጠው ቢታገልም አልሆነለትም። ዳሱ ሁሉ በሳቅ ሲናወጥ የንስሐ አባቷ እንኳ ፊታቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ሙላቴ ተመልሶ ከካሳሁን አጠገብ ቁጭ አለ።

«ዘንድሮ እንረታችኋለን» አላቸው።

«ከመጣችሁ ሜዳው አይጠፋንም» አሉ ካሳሁን።

ሳቁ ሲበርድ ጌጤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «እዚያ ሲያመሽ ስለኔ ያነሣ ነበር?»

«እሱማ ገና ከመምጣቱ ‹ልሂድ፣ ልሂድ፤ ጌጤ እኔ ሳልደርስ እህል አትቀምስም› እያለ መቼ ያስቀምጠን ነበር።»

ጌጤ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም ነበር። ጎረቤት ያመጣው ንፍሮ ያለበትን ሰፌድ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጥቂት ዘገነችና አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ጨምራ ቀስ ብላ አላመጠች።