የነቢላ አረንጓዴ ሴራሚክ

ረምዚ ሻወሩን በከፈተ ቁጥር ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ታች ቤት ሐጃ ኢንሺራህ ዘንድ ይንጠባጠባል። እስክንድርያ ውስጥ የማያፈስ አሮጌ ፎቅ የት አለና! አሮጊቷ በመስኮት ቀና ብለው ይቀልዱበታል።

«አንተ ረምዚ! ዛሬ ሳሙና ቀየርክ እንዴ? ጣሪያዬ ሸተተኝ!»

«ይቅርታ ሐጃ፣ በዚህ ሳምንት አስጠግነዋለሁ።»

«ይሄ ሳምንትህ ደግሞ ማለቂያም የለው!»

ግንበኛው ማህሩስ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። «ውስጡ በስብሷል። እስከ ትከሻ ድረስ ሴራሚኩ ይፈርስና ሬንጅ ይቀባል፤ ከዚያ አዲስ ይለጠፋል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው ጌታዬ።»

እዚህ ላይ ረምዚ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያንን አረንጓዴ ሴራሚክ በሠርጋቸው ዓመት ሱቅ ለሱቅ ዞራ የመረጠችው ሚስቱ ነቢላ ነበረች። ዛሬ እንደሱ ያለ አይገኝም፤ እሷም በሕይወት የለችም። ማህሩስን ሸኝቶ መገጣጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ለቀለቀው። ውሃ ግን በልቅለቃ አይታለልም።

አንድ ማለዳ ሐጃ ሞቱ። ረምዚ እናቱ የሞተች ያህል አዘነ። ለጀናዛው ሶላት ንጹሕ ሆኖ ልቁም ብሎ ሻወሩን ከፈተና ደጋግሞ ታጠበ፤ ለእሳቸው ክብር መሆኑ ነው እንግዲህ። በዚያው ሰዓት እታች ሴቶቹ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሬሳውን አጥበው ከፈን እያለበሱ ነበር።

በሩ ተደበደበ። የሐጃ ልጅ ራውያ ናት፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል።

«ውሃውን ዝጋ አጎቴ! ከፈኑ ላይ ወረደ፤ እናቴን እንደ አዲስ እያጠብናት ነው!»

ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከቀብር መልስ ረምዚ መዶሻ አነሳና የነቢላን ሴራሚክ በገዛ እጁ አፈረሰው። ማህሩስ ግድግዳውን ለስኖ፣ ሲደርቅ ሬንጁን ደራርቦ ቀብቶ፣ የተገኘውን ነጭ ሴራሚክ ለጠፈበት። ሁሉም ሲደርቅ «እኔ ውሃ ልልቀቅበት፤ አንተ ወርደህ የታቹን ጣሪያ እይ» አለው።

ራውያ በሩን ከፈተችለት። ሁለቱም አንጋጠው ቆሙ። ከላይ ውሃው ሲንፏፏ ይሰማል፤ ከጣሪያው ግን ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ያፈሳል?» ሲል ማህሩስ ከላይ ጮኸ።

ረምዚን ዕንባው ቀደመው።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ አጎቴ» አለች ራውያ፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሳ። «የእናቴን ሐቅ ግን እሷ እንጂ እኔ ይቅር ልልልህ አልችልም።»