ሐመሩ ሐ

...እና አሁን ምን ልለው ነው፣ እንኳን አተረፈህ ብዬ ልጀምር፣ ከዚያስ፣ ታክሲው ከሱሉልታ እየወረደ ነው፣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፣ አጠገቤ ያለችው ነጋዴ ስልኳን አፏ ጋ አስጠግታ ታወራበታለች፣ ስልኩ በአማርኛ ይጽፍላታል፣ አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ ወይ ጉድ፣ እኔና መልከጼዴቅ አንዷን ሀ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ስንስል ይመሽብን ነበር።

ትናንት የደወለችው ልጁ ናት፣ ሄመን እባላለሁ፣ እትዬ የወይንሐረግ ነዎት? አባዬን ስትሮክ መቶት ነበር፣ ተረፈ፣ ግን አፉ አልተፈታም፣ ቀኝ እጁም አይታዘዝለትም፣ ስልኩ ላይ የእርስዎን ስም ይጽፋል፣ ማን ናቸው ስለው መልሶ ስሙን። እመጣለሁ አልኳት። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ።

ዘመኑ ሰማንያ ሁለት ነው ሦስት፣ አገሩ ሁሉ በታይፕ ሲመታ እኛ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ኮምፒውተርን አማርኛ ልናስጽፍ፣ ማሽኑ ለፊደል ያለው ቦታ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብቻ፣ ግማሹን እንግሊዝኛው ይዞታል፣ የኛ ከነዝርያው አይገባም፣ መልከጼዴቅ እርሳሱን አንስቶ፣ የወይን፣ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን እንደግማለን፣ ሐመሩ ሐ ይውጣ፣ ብዙኃኑ ኀ ይውጣ፣ ንጉሡ ሠ ይውጣ፣ ስሜን እኮ ነው የምትሰርዘው እለዋለሁ፣ ይስቃል፣ ስትጠሪ ያው ነሽ። ያው አይደለሁም። ቅጥሉን፣ የካዕቡን የሣልሱን ምልክት፣ ከፊደሉ ለይተን ብናስቀምጥ ሁሉም ይገባል፣ ጊዜ ስጠኝ ልሞክረው፣ እሺ አለኝ። እሺ ብሎኝ ለብቻው ጨርሶ አስረከበ፣ በርክክቡ ዕለት ስክሪኑ ሰው ሁሉ ፊት ሲበራ አዘጋጆች ይላል፣ የሱ ጼ እንደተከበረች፣ የኔ ስም በሃሌታው ሀ፣ ሰው ያጨበጭባል። ለጥቅምት ሽማግሌ ሊልክ ነበር፣ አትላክ አልኩት። በአንድ ፊደል? አለች እናቴ። በፊደሉ አይደለም እማዬ። እሺ ብሎኝ ነው።

አግብቼ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ እሱም ሚስቱን ቀበረ አሉ፣ ማሽኑም ሰፋ፣ ዛሬ ፊደሉን ከነሙሉ ቤተሰቡ የማይዝ ስልክ የለም፣ የተጣላንበት ጥበት ራሱ የለም።

አዲሱ ገበያ፣ አስኮ፣ ቡራዩ ኬላ። ወራጅ።

በሩን የምትከፍትልኝ ጎረቤቱ ናት፣ አካም ጅርቱ፣ ኦቦ መልከጼዴቅን ነው? ሴና፣ ሴና፣ ይግቡ፣ ውስጥ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው፣ ቀጭኗል፣ አንድ ጉንጩ ወደ ታች ተጎትቷል፣ ዓይኑ ያው ዓይን። እንኳን አተረፈህ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ይወጣል፣ ቃል የለበትም። ሄመን ወንበር ታቀርብልኛለች፣ እያወራ እንዲጽፍለት አፕ ጭነንለት ነበር፣ ኧረ የማይሆን ነገር ነው የሚጽፈው፣ ሙድ የሚይዝበት ነው የሚመስለው። የጤነኛ አፍ ብቻ ነዋ የተማረው፣ ምን ያድርግ።

ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በግራ እጁ ይጀምራል፣ የወይን፣ ስልኩ ቀሪውን ገምቶ ያቀርብለታል፣ በሃሌታው ሀ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚጽፍ፣ አንዴ መንካት ነው የሚበቃው፣ አይነካውም፣ ጣቱ ሌላኛዋን ይፈልጋል፣ ይስታል፣ ያጠፋል፣ እንደገና፣ ሄመን ልትረዳው እጇን ስትሰድ ተይው እላታለሁ። ሐ። ከዚያ ረ። ከዚያ ግ። ቀና ብሎ ያየኛል።

አየሁት። አየሁት መልኬ።

ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ በየማታው፣ በየዓመቱ፣ የሚናደፍ የሚናደፍ ነገር፣ አሁን ሁሉንም እተወዋለሁ፣ ወንበሬን አስጠግቼ ፀሐይዋን አብረን እንሞቃለን፣ ጎረቤቲቱ ልብስ ታሰጣለች፣ ደስ ይላል፣ እንዲህ መቀመጥ ደስ ይላል፣ በቃ፣ ልሂድ እንግዲህ፣ በኋላ ታክሲ ይጠፋል፣ እነሳለሁ። እጁን ያነሳል፣ ቆይ ማለቱ ነው። ስልኩ ሦስት ቃል ያቀርብለታል፣ ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ፣ ደህና፣ ሦስቱንም ያልፋቸዋል፣ አንድ በአንድ ይለቅማል፣ እኔም አልቸኩልም፣ ሄመን በትከሻው በኩል አንብባ ትስቃለች፣ ስልኩን ወደ እኔ ያዞረዋል።

ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም።

እሺ። ነጠላዬን ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ። ሄመን፣ እጄን የት ልታጠብ?