ሃውግሞ እንዳያሸንፍ

ሶልፍሪድ የሃውግሞ ሠፈር እግር ኳስ ክለብ ሊቀመንበር የሆነችው ዋፍል ልትገለብጥ ወጣ ባለችበት ነው።

ወሩ የካቲት ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው በክለቡ ቤት ተሰብስቧል። አስመራጭ ኮሚቴው አራት ወር ሙሉ ሰው ሲለምን ከርሞ አንድም እሺ ባይ አላገኘም፤ «ማን ይሁን?» በተባለ ቁጥር ሁሉም ጫማውን ያያል። አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ አንዷ መንታ ወልዳለች፣ ሌላው ተራራ ላይ ያለች የእረፍት ጎጆውን እያደሰ ነው። በዚህ መሃል ከወጥ ቤቱ የሚያር ነገር ሸተተ። ሶልፍሪድ ብድግ ብላ ሄደች። ዋፍል ልብ የመሰለ ጣፋጭ ቂጣ ነው፤ ሃውግሞ ውስጥ ያለ እሱ ጨዋታም፣ ስብሰባም፣ ቀብርም የለም። ያረረውን ጥላ፣ አዲስ ሊጥ አፍስሳ ስትመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብላታል።

«ምን አደረግሁ?» አለች።

«ተመረጥሽ! በሙሉ ድምፅ» አላት ሽማግሌው ጉድብራንድ።

«እኔ እኮ እዚህ አልነበርኩም!»

«ሙሉ ድምፅ የሆነውም ለዚህ ነው። ተቃዋሚ ጠፋ።»

ሶልፍሪድ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ናት። ልጇ እግር ኳስ ከተወች አሥር ዓመት አልፏታል፤ እናትየዋን ግን ከዋፍል ማሽኑ የሚያላቅቃት ሳይገኝ ቀርቶ ነበር። አሁን ተላቀቀች፤ ወደባሰው።

ጉድብራንድ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሜዳውን ይጠብቃል፣ መስመሩን ይቀባል፣ የክለቡንም ታሪክ እንደ ጸሎት በቃሉ ይወጣዋል። በዚያ በረዷማ የሰሜን አገር አንቱታ ከቀረ ሃምሳ ዓመት ስላለፈው ሕፃኑም አንተ ይለዋል። ክለቡን በፈረንጆቹ 1931 ያቋቋሙት በበረዶ መንሸራተቻ፣ በስኪ የሚዘሉ ጎረምሶች ነበሩ። በረዶው ሲቀልጥ ከመጠጣትና ከመደባደብ ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው፣ የሰበካው ቄስ ሚስት ኳስ ገዝታ ወረወረችላቸው ይባላል። ሜዳው ቁልቁለት ስለነበር ግማሹን ጨዋታ ሽቅብ፣ ግማሹን ቁልቁል ነው የተጫወቱት። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ፈረሶቻቸውን አሰሩበት፤ ሣሩ እንደዚያ ዘመን አምሮበት አያውቅም። በ1958 ደግሞ ክለቡ ሳያስበው ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን አደገ።

«ከዚያስ?» ይሉታል አዲስ የገቡ አባላት።

«ከዚያማ ሁሉንም ተሸነፍን። አሰልጣኙ ወደ ስዊድን ተሻገረ፤ እስከ ዛሬ ደብዳቤም አልጻፈ።»

ከዚያ ወዲህ ሃውግሞ በአራተኛ ዲቪዚዮን ሰባተኛ እየወጣ ይኖራል። ሰባተኛነት እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ማዕረግ አይደለም። የሚወርድ ያፍራል፣ የሚወጣ ይታበያል፤ ሰባተኛ ግን ማታ በሰላም ይተኛል። ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ያሉት ስቴንሩዶች አንድ ዓመት ሦስተኛ ወጥተው ለዚሁ መታሰቢያ ስካርፍ ማሳተማቸውን ሃውግሞዎች ዛሬም እንደ ነውር ነው የሚያወሩት።

ይህን ሰላም ያደፈረሰው ስቱርላ የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ከአክስቷ ቤት ብትወርስ ወደ ሃውግሞ መጣ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከሠላሳ በላይ ለሆኑት የአንጋፋዎች ቡድን ነበር የተመዘገበው። ነገር ግን ፋሲካ ላይ ግማሹ ተጫዋች ወደየእረፍት ጎጆው ሄዶ ቡድኑ በመሳሳቱ፣ አሰልጣኙ ኤይቪንድ «ዝም ብለህ ፊት ቆመህ ዋል፤ ኳሱ ካልመጣብህ አትድከም» ብሎ አሰለፈው። ኳሱ መጣበት። ሦስት አገባ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት፣ ከዚያ አራት። ሐምሌ ሲገባ ሃውግሞ የሠንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እየተጠራራ በስልኩ ያያል፤ ስህተት መስሎት።

ደስታው የዘለቀው ከሊጉ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እስኪመጣ ነው። ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚያድግ ክለብ ሁለት መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ጣሪያ ያለው መቀመጫ፣ የሜዳ መብራትና ለዳኞች ሁለት መልበሻ ክፍል ሊኖረው ይገባል ይላል። ከተራሮቹ ማዶ በባሕሩ ዳርቻ ካሉ ቡድኖች ጋርም ይጫወታል፤ በአውቶቡስ የአሥር ሰዓት መንገድ።

ሶልፍሪድ ደብዳቤውን ለቦርዱ አነበበችው። የቴርሞስ ክዳን ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ሶፍት ልንሸጥ ነው» አለ ኤይቪንድ።

ይህ ቃል ቤቱን አቀዘቀዘው። በዚያ አገር የሠፈር ክለብ የሚኖረው በሽንት ቤት ሶፍት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አሥር እሽግ ተረክቦ ለዘመድ ለጎረቤት ይሸጣል። የሃውግሞ ዘመድ አዝማድ እስከ ልጅ ልጅ የሚበቃውን ገዝቶ ጨርሷል፤ የሶልፍሪድ እህት ስልኳን ካላነሳችላት ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

«ካደግን በየቤቱ አርባ እሽግ ይደርሰናል» አለች ሶልፍሪድ።

«አርባ!» አለ ጉድብራንድ። «የማን ሆድ ነው ይህን የሚችለው?»

«ማንም እንሸነፍ አላለም እንግዲህ» አለ ኤይቪንድ ቶሎ ብሎ።

«ኧረ ማንም አላለም!»

«እኔማ አሰልጣኝ ነኝ። የማሸነፍ ፍላጎት አለኝ።»

«ሁላችንም አለን» አለች ሶልፍሪድ። «ብቻ... ልጆቹ እንዳይደክሙ እፈራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደቦ ብንጠራስ? የፍሳሹ ቦይ ከተደፈነ ስንት ጊዜው ነው?»

ሁሉም ተያየ። ደቦን እምቢ ያለ ሃውግሞ ተወልዶ አያውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስለ ቦዩ ውይይት ተደረገ» ተብሎ ተጻፈ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተጫዋቾቹ በዝናብ ቦይ ቆፈሩ፣ ድንጋይ ተሸከሙ፣ የክለቡን ቤት ቀለም ፋቁ። በአምስት ሰዓት አብዛኞቹ ወገባቸውን ይዘው ነበር። ስቱርላ ግን ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ያፏጫል፤ የሥራው ነገር ነዋ። «ሰውነቴ ተፍታታ!» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ በነበረው ጨዋታ አራት ለዜሮ አሸነፉ። በሳምንቱ ከጨዋታ በፊት ለተጫዋቾች ዋፍል በነፃ ተባለ፤ ያውም ከቡናማ አይብና ከጃም ጋር። ስቱርላ አሥራ አንድ በልቶ ሁለት አገባ፤ የተቀሩት ማግሳት እንጂ መሮጥ ባይችሉም፣ በረኛው የጎሉ መስመር ላይ ተኝቶ ሳለ ኳስ መጥታ እግሩን መትታው ስለወጣች ጎል ሳይቆጠርባቸው ቀረ።

ጥቅምት ላይ አንድ ጨዋታ ቀረ፤ ያውም በሜዳቸው ከስቴንሩድ ጋር። አቻ ቢወጡ እንኳ ያድጋሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሶልፍሪድ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተንበርክካ በፒንሳ የማጠቢያውን ቧንቧ ፈታች። ውሃው እንደ ፏፏቴ ተንዶልዱሎ ወለሉን ሞላው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረጥባ ስልክ አነሳች።

«ስቱርላ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ቤቴ ጎርፍ ነው!»

በሩብ ሰዓት መጣ፤ ማሊያውን ከሥራ ልብሱ ሥር ለብሶ። ዋናውን የውሃ መስመር ቆልፎ፣ በባትሪ ማጠቢያው ሥር ገብቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እዚያው እንደተንጋለለ፣

«ሶልፍሪድ» አለ።

«አቤት።»

«ቧንቧ በራሱ አይፈታም። እዚህ ጋ የፒንሳ ጥርስ አለ። አዲስ ነው፤ ገና ያብረቀርቃል።»

ሶልፍሪድ የሰው አፍ ከፍታ «የጥርስ ክር ትጠቀማለህ?» ብላ ስትጠይቅ የሚዋሹላትን ሁሉ አሰበች። እሷም እንደነሱ አይኗ ጣሪያ ለጣሪያ ዞረ።

«ምናልባት እህቴ...» ብላ ጀመረች፤ መጨረሻውን ግን አጣችው። «እኔ ነኝ። እንዳትጫወት ብዬ ነው።»

ስቱርላ ከማጠቢያው ሥር ወጥቶ ውሃው መሃል ቁጭ አለ። ይቆጣል ብላ ነበር፤ ይልቅ የከፋው መሰለ።

«ቦዩም?»

«ቦዩም።»

«ዋፍሉም?»

«ዋፍሉም።»

«እኔ ደግሞ ሰው የሚወድ ሠፈር አገኘሁ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያት ነበር» አለ። «አራት ክለብ ተጫውቻለሁ፤ በሁሉም ተጠባባቂ ነበርኩ። በቤታችን ወንድሜ ነበር አንደኛ፤ በትምህርትም፣ በስኪም። እኔ በምንም ነገር አንደኛ ሆኜ አላውቅም፣ ሶልፍሪድ። በዚህ ዓመት ጠዋት ስነሳ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሶልፍሪድ ስለ መቀመጫው ጣሪያ፣ ስለ ዳኞቹ ክፍል፣ ስለ አርባው እሽግ ልትነግረው አስባ፣ ከአፏ ሳይወጣ አሳፈራት።

«የጨዋታው ሰዓት ደረሰ» አለች። «ተነስ፣ እኔ እነዳለሁ።»

«ጫማሽ ውሃ ሞልቷል እኮ።»

«ይሙላ!»

መኪናውን አበረረችው። ሜዳው ጋ ሲደርሱ «ምን ባደርግ ትወጃለሽ?» አላት። «አላውቅም» አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ስድስት መቶ ሰው ወጥቷል። የስቴንሩድ ሰዎች ስካርፋቸውን አጥልቀው «ሶፍት ሻጮች!» እያሉ ይዘፍናሉ፤ ራሳቸውም ሶፍት ሻጮች መሆናቸውን ረስተውት። ስቴንሩድ ከእረፍት በፊት አገባ። የሃውግሞ ቦርድ አባላት «ያሳዝናል፣ ያሳዝናል» ተባባሉ፤ ፊታቸው ግን ጥርሱ ተነቅሎ እንዳረፈ ሰው ፈካ ብሏል። ሶልፍሪድ ከነሱ ጋር ቆማ እግሯ በረዶ ሆነ። ከእረፍት በኋላ ስቱርላ ብቻውን እንደ በሬ ሲለፋ አየች፤ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ከጭቃ ሲወጣ። አንድ ጊዜ የስቴንሩዱ ተከላካይ ማሊያውን ጎትቶ ጣለው፤ ዳኛው በዝምታ አለፈ።

«አንተ ዳኛ!» የሚል ጩኸት ሜዳውን አናጋው። «ዓይንህ ለጌጥ ነው? ና እስቲ ክሊኒኬ፣ ያለ ማደንዘዣ ነው የምነቅልልህ!»

ጉድብራንድ ዞር አለ። የጮኸችው ሊቀመንበሯ ናት።

«ሶልፍሪድ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ በሰላም እየተሸነፍን እኮ ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ ደግሞ!»

ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያው ተከላካይ ስቱርላን አሁንም ጠለፈው፤ ፍጹም ቅጣት ምት። ስቱርላ ኳሱን አስቀምጦ ቀና ብሎ ወደ ቦርዱ አየ። ኤይቪንድ ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ ጉድብራንድ ጣቱን ይቆጥራል፤ ምናልባት እሽጉን። ሶልፍሪድ ግን ውሃ በጠጣ ጫማዋ አጥሩ ላይ ወጥታለች።

«ምታው!» አለች። «ምታው፣ የኔ ልጅ! ሶፍቱን እኔ እሸጠዋለሁ!»

መታው። መረቡ ተወጠረ። ሃውግሞዎች ለአፍታ ያህል መደሰት ይፈቀድ እንደሆነ እርስ በርስ ተያዩና እንደ ግድብ ተለቀቁ። ጉድብራንድ «እንደ ሃምሳ ስምንቱ ነው፣ አለቀልን!» እያለ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ዘለለ።

ሶፍቱን ሸጡ። ሶልፍሪድ ታካሚዋን አፉን አስከፍታ፣ መሰርሰሪያውን ይዛ «ስንት እሽግ ልበልህ?» ትላለች፤ እምቢ ማለት የቻለ የለም። ጣሪያው ተሠራ፤ ዝናብ ከጎን ሲመጣ ግን ምንም አይረባም። ሁለተኛው የዳኞች ክፍል ውስጥ የሣር ማጨጃው ገባ።

በሦስተኛ ዲቪዚዮን የገጠማቸውም ጉድብራንድ የፈራው ነው። በየሳምንቱ ተቀጠቀጡ። ነሐሴ ላይ አሥር ሰዓት ተጉዘው በባሕሩ ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ደረሱ፤ ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን መውረዳቸው የታወቀው ከሳምንት በፊት ነው። ሃያ ሁለት ደጋፊ አብሯቸው ሄዷል፤ ከነሱም መሃል የሶልፍሪድ እህት አለችበት። ሶፍቱን በግድ ከገዛሁ አይቀር የት እንደገባ ልይ ብላ ነው። ዝናቡ ጨው ጨው ይላል። ስድስት ለዜሮ እየተመሩ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ስቱርላ ከማእዘን የመጣ ኳስ በግንባሩ አገባ።

ሃያ ሁለቱ ተቃቀፉ። ኤይቪንድ ኮፍያውን ወደ ባሕሩ ወረወረ። የከተማዋ ሰዎች ግራ ገባቸው፤ አጠገባቸው የቆመ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሶልፍሪድን፣

«ምን አግኝታችሁ ነው?» አላት። «ስድስት ለአንድ እኮ ነው።»

ሶልፍሪድ ፊቷን ከዝናቡ ጠረገች። ሜዳው ላይ ስቱርላ ሁለት እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ይመጣል።

«አየኸው አገባቡን?» አለችው። «ግንባሩን አየኸው?»

«አየሁት» አለ ሽማግሌው፤ ትንሽ አሰበና ጨመረ፣ «ጥሩ ጎል ነው።»