እትዬ ያስረዳችኝ ቦንድ

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር የምትመጣው፤ እሱም ባንኩ ስለሚያስገድዳት ነው። የእናታችን ቤት የተሸጠ ጊዜ ገንዘቡን አንድ ላይ አድርገን የመንግሥት ቦንድ ገዛንበት። በሁለታችን ስም ስለሆነ ወለዱን ለመውሰድ ሁለታችንም መስኮቱ ፊት ቆመን መፈረም ነበረብን። አንዷ ታማ ብትቀር ሌላዋ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ይህን የሰማ ሁሉ «ምን ዓይነት ጣጣ ነው» ይለኛል። እኔ ግን ጣጣውን እወደው ነበር።

የምኖረው ልብስ ተኩሼ ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ ከፊት ጠረጴዛውና ካውያው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስነካ እውላለሁ እንጂ ሰው አልነካም። ደንበኛ ይመጣል፣ «ደርሷል?» ይላል፣ «ደርሷል» እላለሁ፣ ይሄዳል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከዚህ የረዘመ ወሬ የማወራው ከእትዬ ጋር ነው፤ ያውም የባንክ ወረፋ ስንጠብቅ።

ስለዚህ ያን ቀን፣ የወለዱ ቀን ገና ሳይደርስ፣ እትዬ በሬ ላይ ብቅ ስትል ደነገጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«አፍሽን ያዢ! ማንም አልሞተም። ቦንዱን እንሽጠው ልልሽ ነው የመጣሁት።»

የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ልጇ ሩቅ ከተማ መንታ ወልዳለች። ነይና አግዢኝ ትላታለች፤ ቤቱ ግን አሮጊት የሚያስተኛ ቦታ የለውም። እትዬ ከቦንዱ ድርሻዋን ወስዳ እዚያ አንዲት ክፍል ልታሠራ አስባለች።

«አክሲዮንሽን ለምን አትሸጪም?» አልኳት። ብቻዋን የገዛችው የሰድር ፋብሪካ አክሲዮን ነበራት።

«ሸጥኩት። በርካሽ። ወለድ ሲጨምር ፋብሪካው የተበደረው ዕዳ ከበደው፣ ትርፉ መነመነ። ገንዘብ ያለውም ሰው ባንክ አስቀምጬ ወለዱን ቁጭ ብዬ ስበላ ምን አቃጠለኝ እያለ አክሲዮን መግዛቱን ተወው።»

«እኔ ድሮም ብዬሻለሁ። አክሲዮን ማለት ከፋብሪካው ጋር መጋባት ነው። ሲያገኝ ታገኛለሽ፣ ሲያጣ ታጪያለሽ። ቦንድ ግን ማበደር ነው። ተበዳሪው ቢስቅም ቢያለቅስም ወለዴን ቆጥሮ ይሰጠኛል።»

«እሺ አዋቂ። ቦንዱን እንሽጠዋ። ሰማንያ ስምንት ሺህ ይሰጡናል።»

ካውያውን አቆምኩት። «መቶ ሺህ አይደለም እንዴ የገዛነው?»

«ነው። ግን ወለድ ጨመረ።»

«ወለድ ከጨመረ ዋጋው ይጨምር እንጂ ለምን ይቀንሳል? ታሞኛለሽ?»

«ስሚኝ፣ አንቺ ድንጋይ። የእኛ ከመቶ ሰባት ነው የሚከፍለው፤ እስከ መጨረሻው ሰባት ነው፣ አይነቃነቅም። አሁን የሚወጣው አዲሱ ቦንድ ከመቶ አስር ይከፍላል። አንቺ ገዢ ብትሆኚ፣ አስር የሚሰጥሽ እያለ ሰባት የሚሰጥሽን በእኩል ዋጋ ትገዢያለሽ?»

«ምን በወጣኝ!»

«ስለዚህ ረከስ እናደርገዋለን። ወለድ ሲወጣ አሮጌው ቦንድ ይወርዳል፣ ወለድ ሲወርድ አሮጌው ይወደዳል። አለቀ።»

እዚያው ነው የገባኝ። ከአንድ ሆቴል ጋር የአንሶላ ውል አለኝ፤ በድሮ ዋጋ የተፈራረምነው። ዛሬ ሌላው ሰው ለአንድ አንሶላ ከእኔ የበለጠ ያስከፍላል። ይህን ውል ለሌላ ላስተላልፍ ብል፣ ከኪሴ ካልጨመርኩለት ማን ይቀበለኛል? የእኛም ቦንድ ያው ነው። ከትምህርት ቤት ገና ማንበብ እንደለመድኩ ነው የወጣሁት፤ ይህን ለመረዳት ግን ትምህርት አያስፈልግም።

አፌ ግን ሌላ ነገር አለ። «አልገባኝም፣ እትዬ።»

ጫማዋን እያጠለቀች ተነፈሰች። «እሺ፣ ሌላ ቀን መጥቼ አስረዳሻለሁ።»

መጣች። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች። ዳቦ ይዛ መጣች፤ እኔም ሻይ አፈላሁ። የሆቴሉን ትራሶች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ «ይሄ አሮጌው ቦንድ፣ ይሄ አዲሱ» እያለች ስታስረዳኝ እኔ እንዳልገባው ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

«መንግሥት ካዘነልን አይጨምርልንም?»

«መንግሥት አክስትሽ ነው?»

የቦንዱ ወሬ ሲያልቅባት ወደ ጉልበቷ ሕመም ታልፋለች፤ ከጉልበቷ ወደ ልጇ ባል፣ እንደ ወፍጮ ስለሚያንኮራፋው። ከዚያ ወደ ልጅነታችን ትመለሳለች፣ አባታችን ሁለታችንን በአንድ ብስክሌት ጭኖ ሲሄድ አቧራ ውስጥ ስለደፋን ቀን። እኔ የረሳሁትን እሷ ታስታውሳለች፤ እሷ የረሳችውን እኔ። ስትሄድ ስኒዋን ወዲያው አላጥበውም ነበር።

አንድ ቀን እውነተኛውን ክርክሬን አመጣሁት። «የቦንዱ ጊዜ እስኪያልቅ ብንጠብቅስ? ዛሬ ከሸጥነው ነው እንጂ የምንከስረው፣ አምስት ዓመት ብንታገስ መቶውን ሙሉ ይመልሱልናል። ወለዱም እየመጣ።»

ይህ ትክክል መሆኑን እሷም ታውቃለች። «አምስት ዓመት!» አለች። «ያኔማ ልጆቹ ናቸው እኔን የሚያዝሉኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እየሳቅኩ፣ ሳልፈርም ስንት ጊዜ ላስመጣት እችል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። የእኔ ፊርማ ከሌለ አትሸጥም፤ ካልሸጠች አትሄድም።

ከዚያ ሌላ ሳምንት፣ ዝናብ ሲጥል፣ መጥታ ሳትቀመጥ ቆመች። ሻሿ ርሷል።

«ጨመረ» አለች። «አዲሱ ከመቶ አስራ ሁለት ገባ።»

ትራሶቹን አልነካችም። ማስረዳቱንም ተወችው። ልጇ ማለዳ ደውላ ነበር። የቀጠረቻት ሞግዚት ጥላት ሄዳለች፣ ሥራ ቦታዋ ደግሞ ካልተመለስሽ እናሰናብትሻለን ብለዋታል። አንዱን አቅፋ ሌላውን በእግሯ እያወዛወዘች ነው ያናገረቻት።

«በቃ፣ ተይው» አለችኝ። «አልችልም እላታለሁ። የእናት ነገር እንዲህ ነው እንዴ ትበለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሸሚዝ አነሳችና ዓይኗን ጠረገችበት። ገና አሁን ተኩሼ የጨረስኩት የሰው ሸሚዝ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ጮኼ ሰፈር እሰበስብ ነበር።

«ሰማንያ ሺህ ቢሰጡን ነው» አልኩ።

ቀና አለች። «ምን?»

«ሦስት ሲያንስ አስራ ሁለት ሺህ ካወረዱብን፣ አሁን አምስት ሲያንስ ወደ ሃያ ያወርዱብናል። ነገ ደግሞ ከጨመረ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ የምትሸጪ ከሆነ ዛሬ ነው።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ገብቶሽ ኖሯል።»

«ገብቶኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ጅል የምታስለፈልፊኝ?»

ጥሩ አድርጎ የሚናገር ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ብዙ ይል ነበር። እኔ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ካልገባኝ ትመጫለሽ። ከገባኝ ትሄጃለሽ።»

ታቅፈኛለች ወይም በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱንም አላደረገችም። ሸሚዙን መልሳ አጠፈችው፣ ያውም አበላሽታ።

«ስንት ሺህ አስበላሽኝ እኮ።»

«ግማሹ ከእኔም ነው የተበላው።»

ከንፈሯ ሊስቅ ብሎ ተመለሰ። «መታወቂያሽን ያዢ» አለች።

መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ያውቀናል። «እናቶቼ፣ ዛሬ እኮ የወለድ ቀን አይደለም» አለን። እትዬ ሸጠን ልንሄድ ነው አለችው። ሰማንያ ሁለት ሺህ ሰጡን፤ ከገመትኩት ትንሽ ተሻለ። እሷ ቶሎ ፈረመች። እኔ ስሜን እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል ጻፍኩ፣ እሷም እንደ ልማዷ «የባንኩን ቀለም ጨረስሽው» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣዋ ከባድ ነበር፤ በሁለት በኩል ይዘን ነው የሄድነው። ነይ አብረን እንሂድ ብትለኝ እምቢ እላት ነበር። ደንበኞቼስ፣ የሆቴሉ ውልስ፣ እላት ነበር። መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ይዤው ነበር።

አላለችኝም። «በደንብ ብዪ፣ ከስተሻል» ብላ ጉንጬን ስማኝ ተሳፈረች። በመስኮቱ ልታየኝ ስትሞክር አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዘረጋ።

በድርሻዬ አዲሱን ቦንድ ገዛሁበት፣ ባለ አስራ ሁለቱን፣ በስሜ ብቻ። የመስኮቱ ልጅ ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው መሰለኝ «ከእንግዲህ ወለዱ በቀጥታ ሂሳብዎ ውስጥ ይገባል፣ መምጣትም መፈረምም አያስፈልግዎትም» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ጊዜው ሄደ። አንድ ጠዋት በሬዲዮ ወለድ ቀነሰ ሲሉ ሰማሁ። ከአሁን ወዲያ የሚወጣው ቦንድ አስራ ሁለት አይከፍልም፤ የእኔ ተወደደ ማለት ነው። አልሸጠውም፣ ስለዚህ ለእኔ ያው ነው። ግን ለሰው መንገር አማረኝ። አንዱ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ «ወለድ ቀነሰ እኮ» አልኩት። «ደርሷል?» አለኝ። «ደርሷል» አልኩት።

ለእትዬ ደወልኩ። ሕፃናቱ ከወዲያ ይጮኻሉ፣ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«እትዬ፣ ወለድ ወረደ። የእኔ ቦንድ ተወደደ።»

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ... ቆይ፣ ቆይ አንተ፣ ከአፍህ አውጣ! እቴ፣ እደውልልሻለሁ» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወደ አንሶላዎቼ ተመለስኩ። ካውያው እንፋሎት ሲተፋ ድምፁ ኃይለኛ ነው፣ ጥሪ ይሸፍናል። እንፋሎቱን ዘጋሁትና በደረቁ መተኮስ ጀመርኩ።