በአንድ እጅ ብልጫ

የአራተኛ ክፍሏ ኢክራም ሰይድ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የለችም። ይህ ግን ትምህርት ቤት ከመምጣት አላገዳትም። ጠዋት ጠዋት ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች፤ መዝሙር ትዘምራለች፤ ደወል ሲደወል ከሌሎቹ ጋር ገብታ በመስኮቱ በኩል ካለው ዴስክ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ዴስኩን የሚጋሯት ሁለት ልጆች ወደ እሷ ቦታ ሰፋ ብለው ስለተደላደሉ የቀራት ቦታ ጠባብ ነው። ኢክራም በዚህ ቅር አላላትም፤ ከድሮም ብዙ ቦታ የምትፈልግ ልጅ አልነበረችም።

አለመኖሯ የተወሰነው በድምፅ ነው። ድምፅ ይሰጥ ያለችው ደግሞ የክፍሉ አስተማሪ ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ክፉ ሴት አይደለችም። ኮምቦልቻ ውስጥ ልጅ ለምን ጠየቀ ብለው ከማይቆጡት አስተማሪዎች አንዷ ናት። አምና አዲስ አበባ ሄዳ ልጆችን እየጠየቁ እንዲያስቡ ማወያየት የሚባለውን ነገር ሠልጥና ከመጣች ወዲህ፣ ሐሙስ ከእረፍት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ሰጥታዋለች። ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፤ ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የሚከነክናቸውን ጥያቄ ያመጣሉ። ከመጡት ጥያቄዎች የትኛው ላይ እንወያይ የሚለው እጅ በማውጣት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ እጅ የሚወጣው ለመናገር ብቻ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ አስተማሪ መልስ አትሰጥም፣ አስተማሪ ድምፅ አትሰጥም፣ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ምክንያቱን ይናገራል። ማባዛት በቅጡ የማይዘልቃቸው ልጆች ሳይቀሩ ይህንን ደንብ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ይሉታል።

ያን ሐሙስ የተመረጠው ጥያቄ «አንድ ሰው መኖሩን በምን እናውቃለን?» የሚል ነበር። ምሳሌ አስፈለገ። ኢክራም ዝምተኛ ስለሆነችና ስለማትቀየም እሷን ምሳሌ አደረጓት።

የክፍሉ አንደበተ ርቱዕ ያብስራ ነው። ትርንጎ ለሌላ አስተማሪ ስለ ክፍሏ ስታወራ ስሙን ሳታነሳ ቀርታ አታውቅም። ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ሰው አለ የሚባለው ሲቀር ከጎደለ ነው። ኢክራም ባለፈው ሳምንት ቀርታ ነበር። መቅረቷን ያወቀ አለ?»

ማንም አላወቀም። ትርንጎም አላወቀችም ነበር።

«እኔ ግን እስክሪብቶ ታውሰኛለች» አለች አንዲት ልጅ።

«እስክሪብቶው አለ ማለት ነው» አለ ያብስራ።

በዚህ መሃል ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌጡ እንግዶች አስከትለው ገቡና ከኋላ ቆሙ። እንግዶቹ ከትምህርት ቢሮ የመጡ ናቸው፤ ሰዓታቸውን ያያሉ። ትርንጎ ውይይቱ ሳይቋጭ እንዳያዩት ፈራች። አለቃ ስትፈራ የምትለውን የማታውቅ ሴት መሆኗን እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል።

«እስቲ በድምፅ እንለየው» አለች።

ኢክራም ሳትጠየቅ ተነሥታ ሄደችና ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። የክፍል አለቃ ሲመረጥ የሚደረገው እንደዚያ ነው። እጩው ፊቱን ወደ ሰሌዳ ያዞራል፤ ማን እንዳወጣለት፣ ማን እንዳላወጣለት አያይም፤ ለራሱም እጅ አያወጣም፤ ማውጣት ነውር ነው።

ያብስራ እየዞረ ቆጠረ። አለች የሚሉትና የለችም የሚሉት እኩል ለእኩል ወጡ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። የያብስራ ሐሳብ ጥርት ያለ ነበር፤ ትርንጎ ኮራችበት፤ ጎበዝ ለማለት ያህል እጇ ብድግ አለ። ያብስራም የእጅ ባለቤት አይመርጥም፤ የለችም ከሚሉት ጋር ቆጠረው። አቶ ጌጡ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ስም ሲጠራ ኢክራም «አቤት» አለች። ትርንጎ ድምፁን ሰማች፤ የቀሪ ምልክት አደረገች። ምን ታድርግ? ተራዋ ደርሶ ኢክራም ሰሌዳ ስታጠፋ ጽሑፉ እንዳለ ቆየ። ልጆቹ አልሳቁባትም፤ አላሾፉባትም። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ተወያይተው የደረሱበትን ነገር የሚያከብሩ ልጆች ናቸው።

በእረፍት ሰዓት ኢክራም ወደ ትርንጎ ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ በስንት ነው የተሸነፍኩት?»

«በአንድ።»

«ማን እንደሆነ አዩት?»

ትርንጎ ጠመኔውን ከእጇ ላይ አራገፈች። «አላየሁም» አለች።

«ለመቀየም አይደለም፤ ለማወቅ ያህል ነው» አለችና ኢክራም ወደ ግቢው ወጣች። ትርንጎ ዋሽታ ባታውቅ ኖሮ ይቀላት ነበር፤ መዋሸት የለመደ ሰው ግን ይህ ውሸት ከሌሎቹ እንደማይገጥም ወዲያው ይገባዋል። ምሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሰኞ የልጅቱ እናት ወይዘሮ ዘሀራ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከመምህራኑ ቢሮ ደጃፍ ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«የለችም ብላችኋል አሉ» አሉ።

«ክፍሉ ነው፣ የኢክራም እናት። ተወያይተው ነው።»

«እኔ ከትምህርት ቤት አልጣላም። ቤት አለች። ቤት ያለነው እኔና አባቷ ነን፤ እሱ መኪና ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚከርመው፤ ስለዚህ የእኔ ቃል ያልፋል። ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀለለችብኝ ነው። ትናንት ልብስ ስናሰጣ ነፋስ ነበር፤ እጇን ይዤ አስገባኋት።»

«ምግብስ ትበላለች?»

«ትበላለች። ሳህኑ አይጎድልም እንጂ ትበላለች።» ወይዘሮ ዘሀራ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። «ይበርዳታል። ሹራብ ደራርቤላታለሁ። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይህ ነገር እስከ መቼ ነው?»

ትርንጎ «አይቼ እነግርዎታለሁ» አለች። እናትየዋ አመስግነው ሄዱ። ምስጋናው ትርንጎን ከስድብ ይልቅ አመማት። ቢቆጡ፣ አንድ ነገር ቢወረውሩባት፣ ለሰፈሩ ቢያሰሙባት ኖሮ ትንሽ በተነፈሰች ነበር።

ወደ አቶ ጌጡ ሄደች። እሳቸው የእንግዶቹ አስተያየት ደስ አሰኝቷቸው ሰንብተዋል።

«ውሳኔው እንዲነሣ እፈልጋለሁ» አለቻቸው።

«ልጆቹ ራሳቸው ያስቡ፣ ራሳቸው ይወስኑ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ከላይ ትእዛዝ ልስጥ? ያልሽው ነገር ገብቶኝ ለሌሎቹ ክፍሎችም ላስፋፋው ነው እኮ።» እውነታቸውን ነበር። ሰው ባልገባው ነገር ሲያስቸግር መከራከር ይቻላል፤ በገባው ነገር ሲያስቸግር ምን ይባላል? ትርንጎ እሺ ብላ ወጣች።

ሐሙስ ደረሰ። ዴስኮቹ ተገፉ፤ ክቡ ተሠራ። ኢክራም ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የለበሰቻቸው ሹራቦች ከመደራረባቸው የተነሣ እጅጌያቸው ረዝሞ ጉልበቷ ላይ ተጋድሟል። ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን ደህና ናት፤ እንደ ሁልጊዜው ትኩር ብላ ታዳምጣለች።

«ዛሬ ጥያቄ አንመርጥም» አለች ትርንጎ። «ያለፈውን ውሳኔ እናነሳለን።»

ያብስራ እጁን አወጣ። «አዲስ ምክንያት አለ፣ ቲቸር? ሐሳብ የሚቀየረው በምክንያት ነው፤ ስላዘንን አይደለም ብለውናል።»

ብላ ነበር። እንዲያውም ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስገልብጣቸዋለች።

«አለ» አለች። «አለች የሚሉትና የለችም የሚሉት እኩል ነበሩ። ያች የበለጠችው እጅ የእኔ ናት። አስተማሪ ድምፅ አትሰጥም። ስለዚህ አትቆጠርም።»

ልጆቹ ወደ ያብስራ ዞሩ።

«የእርስዎ እንደሆነች አውቃለሁ» አለ ያብስራ፤ «የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ደንቡን የቀየሩት መስሎኝ ነው። ለምን አወጡ?»

ትርንጎ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። ተወችው። «እንግዶች ነበሩ» አለች። «ጎበዝ አስተማሪ መምሰል ፈልጌ ነው። እሷ ትዝም አላለችኝ።»

ኢክራም ቀና ብላ አየቻት። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጠይቀሽኝም ዋሽቼሻለሁ።»

«እሺ» አለች ኢክራም። ትርንጎ ያ «እሺ» ከውስጧ የሆነ ቦታ ሲያርፍ ተሰማት፤ ከዚያ ወዲህ እንዳረፈበት ነው።

ልጆቹ መከሩ። ምክንያቱ ምክንያት ነው ተባለ፤ የትርንጎ እጅ ተሠረዘ። ያብስራ አሁን ነገሩ እኩል ለእኩል እንደሆነ፣ እኩል ለእኩል ማለት ደግሞ አለችም የለችም ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። ሐሳቡን የሚቀይር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ምክንያት ፈለጉ፤ ከልባቸው ፈለጉ፤ አንዲቷ ልጅ እስኪያልባት ድረስ አሰበች። አላገኙም።

«ድምፅ ያልሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» አለ ያብስራ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«ለራስ እጅ ማውጣት ነውር ነው» አለች ኢክራም ቀስ ብላ።

«ዛሬ ነውር የለም» አለች ትርንጎ።

«እማዬ ብትሰማ ትቆጣኛለች። ሰው ሲያነሳሽ ነው እንጂ ራስሽን አታንሺ ትለኛለች።»

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሥታ ክቡ መሃል ገባች፤ ልጅቱ ፊት ተንበረከከች። በሥልጠናው ላይ አስተማሪ ወደ ክቡ መሃል እንዳትገባ ተነግሯት ነበር። «ኢክራምዬ» አለች፤ «እናትሽን እኔ አነጋግራለሁ። ይሉኝታውን ለእኔ ተይልኝ፤ የሚገባው ለእኔ ነው። አንሺ ልጄ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ኢክራም ትንሽ አሰበች። ከዚያ የቀኝ እጅጌዋ ከጉልበቷ ላይ ተነሣ። በዝግታ ወጣ፤ በትከሻዋ ልክ አለፈ፤ ከራሷ በላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። አፉ ወደ ጣሪያው ክፍት ነው። ከውስጡ የወጣ ጣት የለም።

ያብስራ ጠመኔ ይዞ ሊቆጥር መጥቶ ከእጅጌው ፊት ቆመ። ወደ ውስጡ አየ። ጠመኔውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ቲቸር፣ ይሄ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል» አለች ትርንጎ። በሐሙሱ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሊወስኑት ለሚገባ ጥያቄ መልስ ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምክንያቱስ?» አለ ያብስራ። ክፋት የለበትም፤ እንዳስተማረችው ነው የጠየቀው። ልጆቹ ሁሉ መልሱን ለመስማት ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

ትርንጎ አፏን ከፈተች። የምታውቃቸው ምክንያቶች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አእምሮዋ መጡ፤ ሁሉም ከማዘን የመጡ ነበሩ። ልጆቹ ጠበቁ። መጠበቅ ያውቃሉ፤ ያንንም ያስተማረቻቸው እሷ ናት። የተነሣው እጅጌ ደክሞት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ግራው እጅጌ ከኢክራም ጉልበት ላይ ተነሥቶ በፊቷ በኩል ተሻገረና የቀኙን ክርን ከሥር ደግፎ ያዘው።